ለሙዚቃ ተማሪ ማርክ መስጠትን እንደገና የተማርኩበት ዓመት

ለስድስት ዓመት ሙዚቃ ሳስተምር የማርክ መዝገቤ እንከን አልነበረውም። ለጽሑፍ ፈተና 50፣ ለደብተር 10፣ ለተሳትፎ 20፣ ለተግባር 20። ፈተናው የኖታ ስም ማዛመድና ‹እውነት ወይም ሐሰት› ነበር። ሩብ ኖታ ስንት ምት እንደሚይዝ የጻፈ ልጅ ሙሉ ማርኩን ይወስዳል፤ ያንኑ ሩብ ኖታ አጨብጭብ ሲባል ግን ምቱ ከእጁ ያመልጠዋል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ተማሪው 48፣ ክፍለ ጊዜው በሳምንት አንድ፣ ያውም 40 ደቂቃ። ወረቀት ማረም ይቀል ነበር።

ያነቃኝ የራሴ ግምገማ ነው። አንድ ገምጋሚ፣ የሒሳብ ሰው፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። ያን ቀን ልጆቹ አራት አራት ሆነው የስምንት ምት ሪትም እየፈጠሩ ነበር። ጠረጴዛ ይመታሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስታሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ‹ክፍል መቆጣጠር› በሚለው ረድፍ ከ5 ያገኘሁት 2 ሆነ፤ ከጎኑ ‹ጫጫታ ይበዛል› ተብሎ ተጽፏል። አኩርፌ ሰነበትኩ። ኩርፊያው ሲበርድልኝ የራሴን መዝገብ ገለጥኩ። ለተሳትፎ 20 ከ20 የሰጠኋቸው እነማን ናቸው? ጸጥ ብለው የሚቀመጡት፣ እጅ የሚያወጡት። ለካ ሰውየው የመዘነኝ እኔው በምመዝንበት ሚዛን ነው።

ከዚያ በኋላ ወላጆችን አስፈቅጄ ልጆቹን በስልክ መቅዳት ጀመርኩ። በየክፍለ ጊዜው ስምንት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ፤ ሌላው በቡድን ሲለማመድ እኔ በር አጠገብ ቆሜ እቀዳለሁ። በስድስት ሳምንት 48ቱም ይዳረሳሉ። የሁሉንም ቅጂ ቁጭ ብሎ ለመስማት 16 ደቂቃ ይበቃል። ለደብተር እርማት የማጠፋውን ጊዜ ሳስበው ያናድደኛል።

መመዘኛው ላይ ግን ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ዘጠኝ ረድፍ ነበረው፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ሳልደርስ ልጁ ይጨርሳል። ወደ ሦስት አወረድኩት፦ ምት መጠበቅ፣ ድምፀት (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ) ማግኘት፣ ሲሳሳት ሳይቆም መቀጠል። ‹ጥሩ› እና ‹በጣም ጥሩ› የሚሉትንም ሰርዤ ጆሮ የሚሰማውን ጻፍኩ። ለምሳሌ ምት ላይ 2 የሚያገኘው ‹ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ሲጠፋ የሚፈጥን ወይም የሚጎተት› ነው፤ 3 ደግሞ ‹አንዴ ቢናወጥም ራሱ የሚመለስ›። እንዲህ ሲጻፍ ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርስ መተራረም ቻሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ቅጂዎቹን ስም አጥፍቶ በቁጥር ሰጠኝና እንደገና ማርክ ሰጠሁ። ለምት ሁልጊዜ 4 የምሰጠው የፊት ወንበር ልጅ 2 አገኘ። ስህተት መስሎኝ የቡድን ቅጂውን ከፍቼ ደጋግሜ ሰማሁ። ጭብጨባው ከጎኑ ካለችው ልጅ ጭብጨባ ለጥቂት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ሁሌም፣ በእያንዳንዱ ምት። እጇን እያየ ያጨበጭባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ነበር ለካ የመዘንኩት። በቡድን ድምፅ ላይ ተመርኩዤ ለግለሰብ ማርክ መስጠት ያኔ ቀረ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቅጂ መያዝም ግድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሲሾር እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ፈተና ልጆች በሸክላ የተቀዱ ድምፆችን እየሰሙ የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ ይለዩ ነበር። እንዲህ ያለው ፈተና ልጁ ይዞት የመጣውን ጆሮ ይለካል እንጂ እኔ ያስተማርኩትን አይደለም። መነሻው ካልታወቀ ደግሞ ቤቱ ኪቦርድ ያለው ልጅ ማርክ የእኔ ውጤት ይመስላል።

በዓመቱ መጨረሻ ቅጂዎቹን ለገምጋሚው አቀረብኩ። የማቀርበውን እኔ ብመርጥ ምርጦቹን እንደምመርጥ ራሴን ስለማውቅ ‹ቁጥር ይጥሩ› አልኩት። አምስት ጠራ። አራቱ መሻሻል አሳዩ፤ አምስተኛውን ሲሰማ ግን ‹ይሄ ልጅ እኮ ወደ ኋላ ነው የሄደው› አለ። እውነቱን ነው። ልጁ በመካከሉ ድምፁ ጎርንኖ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም ከአንድ ድምፀት አስጀምራለሁ። እዚያ ድረስ መውጣት ስላልቻለ እንጂ በኖታዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጥፋቱ የእኔ መለኪያ ነው። አሁን እያንዳንዱ በሚመቸው ድምፀት ይጀምራል፣ እኔም የምመዝነው ርቀቱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የክፍለ ግዛት ፈተና በሌለው ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን፣ የሙዚቃዎቹን ጨምሮ፣ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በሒሳብና በንባብ የትምህርት ቤት ውጤት የተገመገሙበት ጊዜ አለ። የቴነሲ ክፍለ ግዛት በአንጻሩ የኪነ ጥበብ መምህራን የተማሪዎቻቸውን ሥራ ሰብስበው የሚያቀርቡበት፣ የሙያው ሰዎችም የሚያዩበት አሠራር ዘረጋች። የመጀመሪያው ለእኔ ቧልት ነው፤ ያላስተማርኩት ሒሳብ ማርክ እንዴት የእኔ ይሆናል? ሁለተኛው ይሻላል፣ ናሙናውን መምህሩ ብቻውን እስካልመረጠ ድረስ።

ገምጋሚው በቀጣዩ ዓመት ሲመጣ ኋላ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። አንዱ ቡድን አጠገብ ቆሞ ‹ምን ልስማ?› አለኝ። ‹አራተኛው ምት ላይ ያለውን የዝምታ እረፍት ማን እንደሚዘለው ይስሙ› አልኩት። ሁለት ልጆችን ለየ፤ አንዷን እኔ አልሰማኋትም ነበር። ቅጹ ላይ 3 ሰጠኝ።

የጽሑፍ ፈተናው አሁን 15 ብቻ ይዟል። ያልተፈታልኝ የልጆቹ የራሳቸው ዜማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ የኪነ ጥበብ ትምህርት መስፈርት መፍጠርን ከማቅረብ ለይቶ ቢያስቀምጥም፣ የስምንት ምት ዜማ ላይ ‹3› ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ለጊዜው ማርክ አልሰጥበትም፤ ‹የቱን ቀየርክ? ለምን?› ብዬ መልሱን እቀዳለሁ።