ቅጣቱ አነሰ ብዬ ይግባኝ ስል

የመጀመሪያውን ይግባኜን የጻፍኩት በንዴት ነው። ዐቃቤ ሕግ ነኝ። በዕፅ ዝውውር የከሰስኩት ሰው ከጠበቅኩት ግማሽ የማይሞላ ቅጣት ተፈረደበት። ዕፅ ትውልድ እንደሚያጠፋ አምስት ገጽ ሙሉ አተትኩ። ችሎቱ «ይህን ማን ካደ? የሥር ፍርድ ቤቱ የተሳሳተው የቱ ላይ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ያስቀመጠው መለኪያ ዓይኔን ገለጠልኝ። ቅጣቱ ከልክ በላይ ቀለለ የሚባለው፣ አንድ ዳኛ ሁሉን አመዛዝኖ በምክንያት ሊደርስበት ከሚችለው ክልል ውጭ ሲወድቅ ነው። እኔ ብሆን እጨምር ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም።

በሁለተኛው መዝገብ መጀመሪያ የፈለግኩት ስህተቱን ነው። ዳኛው ተከሳሹን «ተራ ተላላኪ» ብለውታል። ከስልኩ የወጣው መልእክት ግን «ነገ ልጁን ላከው፣ ሂሳቡን እኔ እዘጋለሁ» ይላል። ተላላኪ ሰው ይልካል እንዴ? ደግሞ «ሪከርድ የለበትም» እና «ጸባዩ መልካም ነው» የተባሉት ሁለት ማቅለያዎች የተወሰዱት ከአንዲት ወረቀት ነው። አንዱ ነገር ሁለቴ ተቆጥሯል ማለት ነው። ይግባኙ ሦስት ገጽ አልሞላም። እያንዳንዱ ነጥብ የመዝገቡ ገጽ ቁጥር አለው። ስለ ትውልድ አንድም ቃል የለም።

ቅጣቱ ከፍ አለ፤ የጠየቅኩትን ያህል ግን አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። «ልጁ» የተባለው 16 ዓመቱ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የ1988ቱ የዕፅ ስምምነት አንቀጽ 3(5) ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ መጠቀም ወንጀሉን በተለይ ያከብዳል ይላል። የዕድሜው ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ ተያይዟል፤ እኔ ግን በቅጣት ክርክሩ ላይ አላነሳሁትም። ይግባኙ ላይ ሳነሳው ሰብሳቢዋ ዳኛ መነጽራቸውን አውርደው አዩኝ።

«ያኔ የት ነበርክ?»

ነጥቡን አልያዙልኝም። አሁን የቅጣት አስተያየት ከማቅረቤ በፊት መዝገቡን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው አነበዋለሁ፤ የተረሳ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው የሚገኘው።