«ጠራሽ» የተባለው ፊት

ባለፈው ፋሲካ ቤተ ዘመድ ተሰብስበን ሳለ ሁሉም የአክስቴን ልጅ ፊት እያየ «እንዴት ጠራሽ!» ይላት ነበር። ማድያቷን በሦስት ሳምንት ያጠፋላት ከአንድ የውበት ሳሎን የገዛችው፣ ምንም ጽሑፍ በሌለው ትንሽ ነጭ ዕቃ ተሞልቶ የሚሸጥ ቅባት ነው። ምን እንዳለበት ስትጠይቅ «ቫይታሚን ነው» ብለዋታል። ሐምሌ ላይ ቅባቱን ስታቆም ግን ፊቷ ቀልቶ በብጉር ተሸፈነ፤ ፀሐይ በነካት ቁጥርም ያቃጥላት ጀመር። የቆዳ ሐኪሟ እብጠትንና መቅላትን የሚያፍን ስቴሮይድ የተባለ ጠንካራ መድኃኒት ሳይኖርበት እንደማይቀር ነገራት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማንጫ ቅባቶች የተደረጉ ጥናቶችን ሳነብ ከሁሉ ያስገረመኝ፣ ፋሲካ ላይ ያደነቅነው መጥራት በቤተ ሙከራ የመድኃኒት ጉልበት መለኪያ ሆኖ ማግኘቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ማኬንዚ እና ስቶውተን የተባሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ ስቴሮይዶችን በአልኮል አሟሙተው በሰዎች ክንድ ላይ ቀቡና ሸፍነው አሳደሩት፤ በማግስቱም የትኛው ቦታ እንደነጣ ተመለከቱ። ስቴሮይድ የቆዳን ደቃቅ የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ቀለሙ ይገረጣል፤ የሜላኒን ምርትንም ይቀንሳል። እብጠትና መቅላትንም ስለሚያፍን ብጉር ለጊዜው ይጠፋል። ከእነዚህ መድኃኒቶች በጉልበት ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚገኘው ክሎቤታሶል ከሁለት ተከታታይ ሳምንት በላይ እንዳይቀባ፣ ፊት ላይም እንዳይውል ይመከራል፤ በወራት ውስጥ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችንም አጉልቶ ያወጣልና።

በማንጫ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው ሌላው ኬሚካል የሃይድሮኪኖን ታሪክ ደግሞ ከቆዳ ፋብሪካ ይጀምራል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች እጅ ላይ ነጫጭ ምልክቶች የወጡበት ምክንያት ሲጠና፣ መንስኤው የጎማ ጓንታቸው እንዳያረጅ የተጨመረ የሃይድሮኪኖን ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ሲቀባ ዛሬም ለማድያት የታወቀ መድኃኒት ስለሆነ በጅምላ መርዝ ነው ማለት አልፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ለዓመታት ሲቀባ ነው። በ1975 ፊንድሌይ እና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ የገለጹት ሕመም ይህንኑ ያሳያል፤ ለመንጣት የተቀባው ፊት ሰማያዊ አዘል ጥቁር ሆኖ ሻከረ፣ ይህም በቀላሉ የማይለቅ ነው። አገሪቱ በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያዎች አገደች።

ሜርኩሪ ግን ከቆዳ አልፎ ኩላሊት ውስጥ ይገባል። በ1972 የታተመ አንድ የናይሮቢ ጥናት በኩላሊት ሕመም ሰውነታቸው ካበጠ 60 ጎልማሶች ከግማሽ የሚበልጡት ሜርኩሪ ያለበት የማንጫ ቅባት ይጠቀሙ እንደነበር አሳይቷል። ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እስከ 2025 ሙሉ በሙሉ እንዲቀሩ ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች የወሰኑት በ2023 ነው፤ በእኔ እምነት ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘገየ ውሳኔ ነው።

የአክስቴ ልጅ ማድያት ተመልሷል። አሁን የታዘዘላት የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ነው፤ ምክንያቱም በጠይም ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያጠቁረው በዓይን የማይታየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። እስካሁን ማንም «ጠራሽ» አላላትም፤ ማቃጠሉ ግን ቆሟል።