በእርሳስ የሚጻፈው ደብተር፦ ከመጋረጃ ጀርባ ሰባተኛ ሳምንት

የመድረክ አስተዳዳሪ ረዳት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ቡድናችን ሁለት አዳዲስ ተውኔቶችን ጎን ለጎን እያዘጋጀ ነው፤ አንዱ ባለ ሁለት ገቢር፣ ሌላው አጭር ባለ አንድ ገቢር። ባለፈው ከጻፍኩላችሁ ወዲህ ከተማርኩት አብዛኛው ስለ ደብተሩ ነው።

ደብተሩ የምለው የመድረክ አስተዳዳሪው የሚይዘውን ቅጂ ነው። ገጹ ላይ ቃለ ተውኔቱ አለ፤ በኅዳጉ፣ ማለትም በገጹ ዳር ባለው ባዶ ቦታ፣ ደግሞ ተዋናዩ ከየት ገብቶ የት እንደሚቆም፣ መብራቱ መቼ እንደሚለወጥ፣ ድምፁ መቼ እንደሚገባ ይጻፋል። ከዚህ በፊት ለመድረክ የበቃ ተውኔት ከሆነ የሠሩትን ጠይቆ መረዳት ይቻላል። አዲሱን ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ደራሲው ልምምዱ ላይ ተቀምጦ ይሰርዛል፣ ይጨምራል፤ ጠዋት የነበረው ዓረፍተ ነገር ከሰዓት በኋላ የለም። ትናንት የተስማማንበትን ሳያዛንፍ የሚያስታውሰው ደብተሩ ብቻ ነው። እስክሪብቶ ይዤ በመጣሁበት በመጀመሪያው ቀን ዋና አስተዳዳሪያችን ምንም ሳይናገሩ ከእጄ ወስደው እርሳስና ላጲስ ሰጡኝ።

በአራተኛው ሳምንት ደራሲው ከሁለተኛው ገቢር ሦስት መስመሮችን አወጣ። አዲሱን ገጽ አሳተምኩ፤ ግርጌው ላይ ቀን ጻፍኩበት፤ ለሁሉም አድዬ አሮጌውን ሰበሰብኩ። የቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ማታ ልምምድ ላይ እናቲቱን የምትጫወተው ተዋናይት ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰች። በመስኮቱ በኩል መምሸት የነበረበት ብርሃን ግን አልመሸም። ተዋናይቷ ደብዳቤውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። የመብራት ባለሙያው እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ የእኔን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ የማይነገር ቃል እጠብቃለሁ። የመብራቱን ምልክት የጻፍኩት ከተሰረዙት መስመሮች በአንዱ ትይዩ ነበርና ከገጹ ጋር አብሮ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲህ ገጽ ስቀይር መጀመሪያ የምመለከተው ኅዳጉን ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቁጥራቸውን እየጠራሁ ወደ አዲሱ ገጽ አሻግራለሁ፤ አንድ ቁጥር ከጎደለ ገጹ ደብተሩ ውስጥ አይገባም። ዋና አስተዳዳሪያችን ያስተማሩኝ ሌላው ነገር ደግሞ ምልክቱን በተቻለ መጠን ከድርጊት ጋር ማሰር ነው። ተዋናይቷን ሦስት ልምምድ ሙሉ እጇን ብቻ ተከታተልኩ። ደብዳቤውን ከማጠፏ በፊት ሁልጊዜ አውራ ጣቷን በእጥፋቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ታስኬዳለች። እሷም አዘጋጁም ከተስማሙ በኋላ የመስኮቱ መምሸት ምልክት፣ መብራት ቁጥር 17፣ ከአውራ ጣቷ ጋር ተያያዘ። ደራሲው ቃሉን ቢለውጥም ደብዳቤው እስካለ ድረስ ምልክቱ አለ።

ትእዛዝ አሰጣጡ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጀመሪያ «መብራት 17፣ ተዘጋጅ» እላለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ «ልቀቅ»። «ልቀቅ» የሚለው ቃል በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ለሌላ ለምንም ነገር አይነገርም፤ በጨዋታ መካከል እንኳ። ቃሌ ጆሮ ገብቶ እጅ እስኪታዘዝ ድረስ ቅንጣት ጊዜ ይወስዳልና ትእዛዙ ከድርጊቱ ትንሽ መቅደም አለበት። ምን ያህል እንደሚቀድም በሰዓት አይለካም። ተዋናይቷ ትንፋሽ ስትወስድ አብሬያት እየተነፈስኩ ነው ያገኘሁት።

በአጭሩ ተውኔት ውስጥ ደግሞ አንድ ተዋናይ በ40 ሰከንድ ከወታደርነት ወደ ሙሽራነት ይለወጣል። ከደማቅ መድረክ ወጥቶ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ምንም አይታየውም፤ የሰው ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ሆነን በደብዛዛ ሰማያዊ መብራት ሥር እንጠብቀዋለን፤ አንዳችን ክንዱን ይዘን ወደ ወንበሩ እንመራዋለን። ልብሱ በሚለበስበት ቅደም ተከተል ተደርድሯል። የሸሚዙ ቁልፎች ለመልክ ብቻ የተሰፉ ናቸው፤ የሚይዘው ከሥራቸው ያለው፣ ሲጫኑት የሚጣበቀው ቬልክሮ ነው። የጫማው ማሰሪያም በላስቲክ ተተክቷል። የመጀመሪያው ሙከራ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀ። ትናንት 38 ሰከንድ ገባን፤ ተዋናዩም እኔም ሳንነጋገር ተቃቀፍን።

በየምሽቱ ከሁሉ በፊት የማደርገው መውጫ በሮቹን ከፍቶ መዝጋት፣ መተላለፊያው ላይ የተቀመጠ ዕቃ ካለ ማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ በቺካጎ የኢሮኮይ ቴአትር ከአንድ መብራት የተነሳ ብልጭታ መጋረጃ ላይ ተያይዞ 600 ያህል ሰዎች አልቀዋል። እሳቱን ሊከልል የተሠራው መጋረጃ መካከል ላይ ተሰንቅሮ አልወርድ አለ፤ ከመውጫ በሮቹም በርካቶቹ የማይከፈቱ ነበሩ። ያን ካነበብኩ በኋላ በር ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሳጥን እንኳ አይቼ አላልፍም።

ትናንት ማታ ቁጥር 17ን ጠራሁ። አውራ ጣቷ የእጥፋቱ ጫፍ ሲደርስ መስኮቱ መሽቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደራሲው ለዚያው ትዕይንት ሁለት አዳዲስ ገጾች ልኳል፤ ኅዳጋቸው ባዶ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በፊት አሥራ አንድ ምልክቶች አሻግርባቸዋለሁ። አዲስ ተውኔት ላይ የሠራችሁ፣ የዋናውን ደብተርና የረዳቱን ቅጂ በየስንት ጊዜው እንደምታመሳክሩ ብትነግሩኝ እጠቀማለሁ። እኛ እስካሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የምናደርገው፤ እንዲህ በየቀኑ ገጽ በሚቀየርበት ወቅት ግን የሚበቃ አይመስለኝም።