60 መሆን የነበረበት 120

ቪትዟ ተጎትታ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ሕመሟ ቀላል ነበር፦ ኮብልስቶን ላይ የኤቢኤስና የመሪ መብራት ይበራል፣ ዙር ቆጣሪው ዜሮ ይወርዳል፣ አስፋልት ስትገባ ሁሉም ይመለሳል። ሌላ ጋራዥ ስካነር ሰክተው ዩ0100 የሚል የብልሽት ኮድ ሲያዩ «የሞተር ኮምፒውተሯ ሞቷል» ብለው ባለቤቱን ያገለገለ አስገዙት። ቁልፏ በተገዛው ላይ አልተመዘገበምና ጭራሽ አልነሳ አለች።

ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ለቀየረው ልጅ ደውሎ ስልኩን ለኤሌክትሪሽያናችን ሰጠው።

«ጋሼ፣ ኮዱ እኮ ኮምፒውተር ነው የሚለው።»

«ኮዱ ‹አላገኘሁትም› ነው ያለህ። የደወልክለት ሰው ስልክ ጥሪ አይቀበልም ሲልህ ሞተ ብለህ ታለቅሳለህ? ኦሙን ለካህ?»

«የምኑን ኦም?»

ይህቺ ጥያቄ እስካሁን ታንገበግበኛለች። መለካቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የድሮው ኮምፒውተር ተመለሰ። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ስካነር በሚሰካበት የኦቢዲ ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ኦሙ፣ ማለትም የመስመሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ተለካ። የመኪናዋ ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት ጥንድ ሽቦ፣ በካን መስመሩ፣ ሁለት ጫፎች (በሞተር ኮምፒውተሩና በጌጁ፣ ማለትም በዳሽቦርዱ የቆጣሪዎች ሰሌዳ ውስጥ) 120፣ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ ጎን ለጎን ሆነው 60 አካባቢ ማሳየት አለባቸው። ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። እዚህ ግን 120 ወጣ፤ አንደኛው ጫፍ የለም። ዳሽቦርዱ ሲነቀነቅ 60 ይልና ይመለሳል።

የትኛው ጫፍ? የኮምፒውተሩ ሶኬት ሲነቀል ቴስተሩ ምንም አላነበበም። ያ 120 የእሱ ነበር ማለት ነው፤ የተወነጀለው ኮምፒውተርም እስከ እሱ ያለው ሽቦም ደህና ናቸው። የጠፋው የጌጁ ጫፍ ነው። ጌጁ ወጥቶ በራሱ ፒኖች ላይ ሲለካ 120 አለው። የቀረው ሽቦው ነው።

የቪትዟ መሪ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ነው። ጌጁ ሲሻገር ሽቦዎቹ ተቆርጠው ተቀጥለዋል፤ ከሁለቱ የካን ሽቦዎች አንዱ፣ ካን ሎው፣ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ታስሯል፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። እንደ ሹሩባ መጎንጎን የነበረባቸው ሁለት ሽቦዎች ክንድ ያህል ለየብቻ ተዘርግተዋል። የሚጎነጎኑት እኮ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል እንዲነካቸውና ልዩነታቸው እንዳይዛባ ነው። አዲስ ጥንድ ሽቦ ተጎንጉኖ ገባ፣ መቀጠያው ተበይዶ ተሸፈነ። ቴስተሩ 60.4 አለ። ስዊቹ ሲከፈት ካን ሃይ ከ2.5 ቮልት ትንሽ ከፍ፣ ካን ሎው ትንሽ ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ኮብልስቶኑ ላይም አንድ መብራት አልበራ።

መለዋወጫ ቤቱ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አንመልስም» አለ። ባለቤቱ የገዛውን ኮምፒውተር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።