ከሲኦል ጎዳና በታች

በኤፕሪል 1777 እ.ኤ.አ. አርክቴክቱ ሻርል አክሰል ጊዮሞ ከፓሪስ ሥር ያሉትን የድንጋይ ካባዎች እንዲቆጣጠር ተሾመ። ሥራ በጀመረበት ዕለት ሩ ዳንፌር ላይ አንድ ቤት ሰመጠ። የመንገዱ ስም «የሲኦል ጎዳና» ማለት ነው፤ ስሙን ያላሳፈረ ሰፈር ነበር። በዲሴምበር 1774ም እዚያው 300 ሜትር ያህል መንገድ ተደርምሷል።

መንገድ ሲደረመስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አፈር በጋሪ አምጥቶ መድፋት ነው። አይሠራም። ካባው ውስጥ ድንጋይ አውጪዎቹ ወደፊት በገፉ ቁጥር ከኋላቸው ጣሪያውን ድንጋይ በድንጋይ ላይ በደረደሩት ምሰሶ ይደግፉታል፤ በምሰሶዎቹ መሀል ደረቅ ካብ ይክባሉ፤ ከካቡ ጀርባ ፍርስራሹን ይሞላሉ። ሙሌቱ እያደር ይጠቀጠቅና ከጣሪያው ይርቃል። ያኔ ጣሪያው ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይረግፋል፤ ባዶው ቦታም የደወል ቅርጽ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ፈረንሳዮቹ «ፎንቲ» ይሉታል። ከላይ ሆኖ የሚሄድ ሰው ምንም አያይም፤ ስስ የአፈር ሽፋን ብቻ ሲቀር ግን አንድ የተጫነ ጋሪ ይበቃዋል። ከላይ የተደፋ አፈርም መሀሉ ላይ ይከመርና ዙሪያውን ክፍት ይተወዋል፤ ቀጣዩ ደወል ከጎኑ ይጀምራል።

ጊዮሞ ከታች ጀመረ። ቀያሾቹ የላዩን መንገድ ከሥሩ ካለው ዋሻ ጋር አመሳከሩ፤ ግንበኞቹ ከቤቶቹ ፊት ትይዩ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ግንብ ሠሩ፤ የቀረውን ባዶ በሙሌት ደፈኑት። እያንዳንዱ ግንብ ሲያልቅ በዓመቱ ስንተኛ ሥራ እንደሆነ፣ የኃላፊው ስም የመጀመሪያ ፊደልና ዓመቱ ድንጋዩ ላይ ይቀረጻል። ፋኖስ የያዘ ሠራተኛ መዝገብ ሳይገልጥ የቱ ግንብ መቼ እንደተሠራ ያውቃል። የአሠራሩ ጉድለት ሌላ ነበር፤ በመንግሥት ወጪ የሚጠገነው የሕዝብ መንገድና የንጉሡ ይዞታ ሥር ያለው ነው፤ ከግል ቤት ሥር ያለው የባለቤቱ ዕዳ ነበር።

ከዚህ ጥገና በኋላ ካባዎቹ ለሌላ አገልግሎትም ዋሉ። በ1786 ከሞላው የሴንት ኢኖሳን መቃብር አጽም በሌሊት፣ በተሸፈነ ጋሪ ወደ ካባዎቹ ይጫን ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንጉዳይ አምራቾች የፈረስ ፋንድያ ይዘው ገቡ፤ ክረምት ከበጋ 14 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ዋሻ ለነሱ ከማንኛውም ቤት ይሻላል። በኦገስት 1944 በጀርመን ወራሪዎች ላይ የተነሣውን የፓሪሱን አመፅ የመራው ኮሎኔል ሮል ታንጊ መምሪያው 20 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ነበር።

ላይ ያለው መንገድ በ1870ዎቹ መጨረሻ በአንድ ኮሎኔል ስም ዳንፌር ሮሽሮ ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ ድምፁ ከድሮው ጋር መመሳሰሉ ቀልድ ይመስላል። ከታች ግን ግንቡ ላይ አሁንም የሚነበበው የድሮው ስም ነው። በአብዮቱ ዘመን «ቅዱስ» የሚለው ቃል ከነዚህ ጽሑፎች በመሮ ተፍቋል፤ «ሲኦል»ን የነካው የለም።