ልጆቹ ውጭ ይጠብቁ

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ የሚመጣ አዛውንት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ልጁ ይዞት ይመጣል፣ የእህት ልጅ ደግፎት ይመጣል፣ አንዳንዴም ተከራዩ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ያመጣዋል። ቁጭ ሲሉ ወሬውን የሚጀምረው አጃቢው ነው። «አባዬ ውክልና ሊሰጠኝ ፈልጎ ነው» ይላል። አባትየው ዝም። እኔ ደግሞ አጃቢውን በትህትና ታች ካለው ካፌ ማኪያቶ እንዲጠጣ እልከዋለሁ። ቢከፋውም እልከዋለሁ። ገንዘቡን የሚከፍለኝ ልጅየው ሊሆን ይችላል። ደንበኛዬ ግን አባትየው ናቸው።

የምሠራው አዳማ ነው፣ ፖስታ ቤት አካባቢ። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ከስልሳ ያለፉ ናቸው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኞች አሉ። የቀድሞ ጦር አባላት አሉ። ባላቸው ወታደር የነበረ እናቶች አሉ። የክልሉ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ክሱንም አቤቱታውንም በኦሮምኛ እጽፋለሁ። አማርኛ ብቻ ለሚሰሙት ደግሞ ከመፈረማቸው በፊት ቁጭ ብለን መስመር በመስመር በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ። ሰው ያልገባው ወረቀት ላይ መፈረም የለበትም፣ በተለይ ያለው ንብረት አንድ ቤት ብቻ ከሆነ።

አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። እንዳይታወቁ ታሪካቸውን ትንሽ ለወጥ አድርጌዋለሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ተዋግተዋል። ጉልበታቸው ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ስላለ ሲቀመጡ አንድ እግራቸውን ዘርግተው ነው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የተተየበ ውክልና ይዞ መጣ። ውልና ማስረጃ ከመሄዳችን በፊት አንዴ ይዩልን አለኝ።

ልጁን ላክሁት፣ በሩን ዘጋሁ። ወረቀቱን ቀስ እያልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «በስሜ የሚገኘውን ቤት እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ለባንክ በዋስትና እንዲያስይዝ...» ሃምሳ አለቃ ኬላ ላይ መኪና እንደሚያስቆም ሰው መዳፋቸውን አነሱ።

«እሱን ድገሚው ልጄ።»

ደገምኩት።

«ቤቴን ነው?»

«አዎ ሃምሳ አለቃ፣ ቤትዎን።»

«እኔ እኮ ያልኩት ጡረታዬን እንዲያመጣልኝ ነው። ባንክ ሰልፍ መቆም አቃተኝ።»

ይህን ከልጃቸው ፊት የሚሉት አይመስለኝም። ልጃቸውን ስለሚፈሩ አይደለም። ልጅን በሰው ፊት ማሳፈር አይፈልጉም። የነሱ ዘመን ሰው ልጁ ከሚያፍር ቤቱ ቢሄድ ይመርጣል። አጃቢውን ውጭ የማስጠብቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ አዛውንቱን ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ይሄ አንቀጽ 2205 ላይ ነው። ችግሩ ጸሐፊዎቹ «ለማንኛውም ይኑር» ብለው የሽያጩንም የስጦታውንም ሥልጣን በአንድ ወረቀት ይደረድሩታል። አዛውንቱ «ውክልና» የሚለውን ርዕስ ሰምቶ ይፈርማል፤ ሥልጣኑ ያለው ግን ከርዕሱ ሥር በተደረደሩት ቃላት ውስጥ ነው።

አዲስ ጻፍን። ጡረታዬን ከባንክ እንዲቀበልልኝ፣ የሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ እንዲሰበስብልኝ፣ መብራትና ውሃ እንዲከፍልልኝ። በቃ። ውክልናውን በፈለጉ ጊዜ መሻር እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ሲሞቱም አብሮ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት ጡረታ ማውጣት ወንጀል ውስጥ ያስገባል።

ልጁ ተመልሶ ሲያነበው ፊቱ ተለዋወጠ። «ከአባቴ ጋር ልታጣይኝ ነው?» አለኝ። መልስ የሰጡት እሳቸው ናቸው። «ስሞት ያንተ ነው። እስከዚያ ግን የኔ ነው፣ ሌላ ነገር የለም።»

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልበል። ሌባ አልነበረም። ሚኒባስ ለመግዛት ብድር ፈልጎ ባንኩ ማስያዣ ጠይቆት ነው። ለአባቱ በግልጽ ቢነግራቸው ምናልባት እሺ ይሉት ነበር፤ ሲስቁ ያየኋቸው ስለሱ ሲያወሩ ብቻ ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ መድኃኒት የሚገዙ፣ ሆስፒታል የሚያመላልሱ፣ ከራሳቸው ቀንሰው የሚጦሩ። እነሱን አልወቅስም። የምጠይቀው ወላጅ ስለራሱ ቤት ብቻውን የሚናገርበት ግማሽ ሰዓት እንዲያገኝ ነው።

ከቤት ቀጥሎ የሚመጣው የጡረታ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጠላታችን ወረቀት ነው። ወረቀቱ በፌስታል ይመጣል፤ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ በአራት የታጠፈ የስንብት ደብዳቤ። እጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቀኑ ላይ ነው፣ ቀኑም ተፍቆ ያልቃል። ያ ቀን ደግሞ ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 በተተካው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ስሌት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኝ ነበር። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 በመቶ ይጨመርለት ነበር። 10 ዓመት ያልሞላው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ተቀብሎ ይሸኛል። በአንድ ዓመት ልዩነት የዕድሜ ልክ ጡረታ የሚቀርበት ሰው አለ ማለት ነው። ግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን ሰነዱ የት እንደገባ የማያውቅ ስንት ወታደር አለ! የተቀጠረበትን ዓመት የሚያስረዳለት አንዳንዴ ያኔ የተነሳው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

የወንጂዎቹ ጣጣ ደግሞ ዕድሜ ነው። ሆላንዶቹ በ1940ዎቹ ያቋቋሙት ፋብሪካ ልጅ ሆነው የገቡ አሉ። ሥራ እንዳይከለከሉ ዕድሜያቸውን ጨምረው አስመዘገቡ። ሕጉ የሚይዘው ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ነው። በኋላ የልደት የምስክር ወረቀት ቢያመጡ አይለወጥም፣ ከትክክለኛ ዕድሜያቸው ቀድመው ጡረታ ይወጣሉ። ይሄን ስነግራቸው የሚያዩኝ አስተያየት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ያኔ የዋሹት ለመብላት ነው።

የሟች ሚስት የጡረታውን ግማሽ የማግኘት መብት አላት። ግን ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። በሽማግሌ ተድራ፣ ልጆች ወልዳ ዳራ፣ ሰማንያ የሌላት እናት ታጋጥመኛለች። ያኔ ጎረቤትና ዘመድ ምስክር ይዘን ፍርድ ቤት እንሄዳለን። እነዚህን ጉዳዮች እወዳቸዋለሁ። ምስክሮቹ ራሳቸው ሰባ ያለፉ ሆነው፣ ሠርጉ ላይ የታረደውን በሬ ቀለም ለዳኛ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ኑዛዜ ላይ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና ቀኑ ኑዛዜው ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ያቺ አንድ መስመር ባለመኖሯ ብቻ ፈራሽ የሆነ ኑዛዜ አይቻለሁ። ተናዛዧ ያልወለዷትን፣ ግን ስምንት ዓመት ያስታመመቻቸውን ልጅ ብለው ነበር የተናዘዙት፤ ቤቱ ለማያውቋቸው የሩቅ ዘመዶች ሄደ። በእጅ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜም ሙሉ በሙሉ በራስ እጅ መጻፍ አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን መናገር አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ካለ ዛሬውኑ ቀኑን እዩት።

ቤታቸውን «እጦርዎታለሁ» ላላቸው ሰው በስጦታ የሚሰጡም አሉ። ጧሪ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አትስጡ አልልም። ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ መብት የሳቸው እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። መጦሩም ምን ምን እንደሆነ ይዘርዘር፤ ምግብ፣ ሕክምና፣ አስታማሚ። የስጦታ ውሉም እንደ ኑዛዜው በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ መነበቡም ይጻፍበት፤ ሕጉ ለቤት ስጦታ ያንኑ ሥርዓት ይጠይቃል።

ረቡዕ ከሰዓት መክፈል ለማይችሉ አዛውንቶች ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት ብሎ አስቀምጦ ነበር፣ እኔ ዘንድ ግን በረቡዕ ብቻ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስትመጡ ያላችሁን ወረቀት በሙሉ ይዛችሁ ኑ፣ የማይረባ የመሰላችሁንም ጭምር። የስንብት ደብዳቤ ላሚኔት አታስደርጉ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ደረጃው ለከበዳቸው ደውሉልኝና ራሴ ታች እወርዳለሁ፤ ካፌው ባለቤት ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ይለቅልናል። አጃቢ ያኔ ሌላ ጠረጴዛ ነው የሚቀመጠው።