ሮቶው ስንት ሊትር ጠጣ? ፐልስ መቁጠር የጀመርኩበት ጉድ

ለገጣፎ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ አራት አባወራ አለን፤ ለአራታችንም ያለን አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ነው። ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። ጠዋት ሮቶው ጎድሎ ሲገኝ ክርክር ይነሳል። አንዱ "ሌሊት ሞልቶ ነበር" ይላል። ሌላው "መጀመሪያውኑ መች ሞላ?" ይላል። እኔ ደግሞ አርዱይኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) መነካካት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። "ቆይ፣ እኔ እቆጥርላችኋለሁ" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ አርዱይኖ ኡኖ፣ የኤስዲ ካርድ መጻፊያ፣ መብራት ቢጠፋም ሰዓት የማይረሳ ዲኤስ 3231 የሚባል ሰዓት ቆጣሪ፣ እና ዋይ ኤፍ ኤስ 201 የሚባለው የግማሽ ኢንች የውሃ ፍሰት ሴንሰር። ሁሉንም መርካቶ አገኘሁ። ሴንሰሩ ውስጥ ማግኔት የተሸከመች ትንሽ ተሽከርካሪ አለች። ውሃው ሲገፋት ትዞራለች፤ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ሴንሰሩ አንድ ፐልስ፣ ማለትም አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ምት፣ ይሰጣል። መመሪያው ላይ 1 ሊትር ማለት 450 ፐልስ ነው ይላል። በቃ፣ ቆጥሮ ለ450 ማካፈል ነው ብዬ ተኛሁ።

የመጀመሪያው ቀን በባልዲ ስሞክረው 72 ሊትር ላይ ደረሰና ድንገት ከዜሮ በታች ገባ። ውሃው ወደ ኋላ የሄደ ይመስል! ጥፋቱ የኔ ነበር። ኡኖ ላይ "ኢንት" የሚባለው የቁጥር ዓይነት 32,767 ላይ ያልቅበታል፤ ያንን ለ450 ስታካፍሉት 72 ሊትር ከምናምን ነው። "አንሳይንድ ሎንግ" አድርጌው ተገላገልኩ። እሱ ከ4 ቢሊዮን በላይ ይቆጥራል። እግረ መንገዴን፣ ቆጠራውን የምታነቡበት ቅጽበት ኢንተራፕቱን (ፐልስ ሲመጣ ሌላውን ሥራ አቋርጦ የሚያስቆጥረውን) ዝጉት። የኡኖው ቺፕ ትልቁን ቁጥር የሚያነበው በአራት ቁራሽ ነው፤ መሃል ላይ አዲስ ፐልስ ከገባ የማይመስል ቁጥር ይሰጣችኋል።

ሁለተኛው ጣጣ ግን ሦስት ቅዳሜ በላብኝ። ሴንሰሩ ያለው በሩ ጋ ነው፣ አርዱይኖው እኔ ክፍል ውስጥ። ሽቦው 12 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ የጎረቤቴን የፓምፕ መስመር ታክኮ። ታዲያ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ጠብታ ውሃ ሳትኖር ፐልስ ይቆጠርልኛል። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ዕቃ) ከፐልሱ ሽቦ ወደ 5 ቮልቱ አሰርኩና የፓምፑን የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንዲውጥልኝ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ጨመርኩ። ሐሰተኛው ፐልስ ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ቡና አስፈላሁ። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ስከፍተው ግን እውነተኛውም ፐልስ አብሮ ጸጥ አለ።

ቀስ አድርጌ ስከፍት ይቆጥራል፤ ከ7 ሊትር በደቂቃ ሲያልፍ ዝም። ይህን ነገር ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው የገባኝ። ካፓሲተሩ በዚያ ሬዚስተር በኩል ሞልቶ ቺፑ "አለ" የሚልበት ቮልት ጋ ለመድረስ 9 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ውሃው ሲፈጥን ደግሞ በሁለት ፐልስ መካከል ያን ያህል ጊዜ የለም። ሳይሞላ ይደፋል፣ ሳይሞላ ይደፋል። ወደ 10 ናኖ ፋራድ አወረድኩት፤ ሽቦውንም ከፓምፑ መስመር አራቅኩት። ከሁለቱ የትኛው እንዳዳነኝ አልለየሁም፣ ለመለየትም ትዕግስቱ የለኝም። ብቻ ሰላም ሆነ።

ቀጥሎ ልኬት። ጀሪካን "20 ሊትር" ይባላል እንጂ አፉ ድረስ ስትሞሉት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሰፈራችን ካለው እህል ቤት ሚዛን ለመንኩ። ባዶውን መዘንኩ፣ ከዚያ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ እስኪሆን ሞላሁ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ማስተካከያ የለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፦ 8,412፣ 8,376፣ 8,430 ፐልስ። የኔ ሴንሰር በሊትር 420 ገደማ ነው እንጂ 450 አይደለም። በ450 ባካፍል ኖሮ ከአንድ ሙሉ ሮቶ 67 ሊትር አየር ላይ ይቀር ነበር። የግቢውን ጸብ አስቡት!

ከዚያ የመጀመሪያዋ የእውነት ሌሊት መጣች። ጠዋት ካርዱን ስከፍት 1,300 ሊትር ይላል። ሮቶው 1,000 ነው፤ አልፈሰሰም። ደግነቱ በየደቂቃው የገባውን ፐልስ ለብቻ ነበር የማስመዘግበው። የኛ መስመር በደህና ቀን 4,600 ያህል ነው በደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ግን ከ20,000 በላይ ናቸው። ሴንሰሩ የተሠራው እስከ 30 ሊትር በደቂቃ ነው፤ ይህ ከዚያም በላይ ነው። ውሃ አልነበረም፣ አየር ነው። ቧንቧው ለቀናት ባዶ ከርሞ ውሃዋ ስትመጣ አየሩን ከፊቷ ትነዳዋለች፤ ተሽከርካሪዋም በአየሩ እንደ እብድ ትሽከረከራለች። ያቺ ፉጨት ስንሰማ "መጣች!" የምንላት ነች። ሊትሩን ብቻ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህን መቼም አልደርስበትም ነበር። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ጥሬውን ፐልስ ጻፉ የምለው፤ ማካፈሉ በኋላ ይደረሳል።

አከራያችን መዝገቡን አይተው "ልጄ፣ 02፡40 ላይ መጣች ይላል፤ ያኔማ ቁርስ እየበላን ነበር" አሉኝ። ልክ ናቸው። ሰዓቱን የሞላሁት በፈረንጅ ነው። አሁን ሲጻፍ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል፤ ሌሊት 8፡40 ሆነች።

"ሊትሩን ተወውና፣ ስትመጣ የሚጮህ ነገር የለውም?" አሉ ቀጥለው። ባዘር ገጠምኩ። በማግስቱ ሌሊት ጮኸ። አራታችንም ጀሪካን ይዘን በነጠላ ጫማ ወጣን። ቧንቧው "ፉፉፉ" ብሎ አንድ ጠብታ ሳይሰጥ ተኛ።

አሁን ባዘሩ የሚጮኸው ቆጠራው ለሦስት ተከታታይ ደቂቃ ከ2,000 በላይ ከ8,000 በታች ሲሆን ብቻ ነው። ካስተካከልኩት ወዲህ ውሃ ገና አልመጣችም።